ስለ ትምህርት ቤት ቦንድ፤ ካሊፎርንያ የትምህርት ቤቶቿን ሕንፃ በምን ገንዘብ እንደምታድስ

ቦንድ የሚለው ቃል ለአገራችን ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ለታላቁ የኅዳሴ ግድብ ሥራ ከ2011 ጀምሮ ቦንድ የገዛ ባለ ሱቅና የመንግሥት ሠራተኛ ብዙ ነው። ገዢው ገንዘቡን ለተወሰነ ዘመን ያበድራል፤ ሰነድ ይቀበላል፤ ቀኑ ሲደርስ ዋናውን ገንዘብ ከነወለዱ ይወስዳል። በአሜሪካ በካሊፎርንያ ግን፣ በተለይም የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን ለመሥራትና ለማደስ የሚሸጠው ቦንድ፣ በዚህ ላይ አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ይኸውም ሰነዱ ለገበያ ከመውጣቱ አስቀድሞ፣ ዕዳውን ከግብሩ የሚከፍለው የአካባቢው ሕዝብ በምርጫ ወረቀት ላይ «ይሁን» ብሎ መፍቀድ አለበት። ሕዝቡ «አይሁን» ካለ ጣሪያው ቢያፈስም፣ ግድግዳው ቢሰነጠቅም ብድሩ አይኖርም።

ጉዳዩ ሩቅ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በሎስ አንጀለስ ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ በ2002 የከተማው ምክር ቤት «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው ሰፈር፣ የወገኖቻችን ምግብ ቤቶችና ሱቆች ተደርድረው ይገኛሉ። ከዚህ በርበሬና ቡና የሚልክላቸው ነጋዴም አለ። የእነዚያ ሱቆች ወጪ የሚወጣና የሚወርድበት አንደኛው ምክንያት ይኸው የትምህርት ቤት ዕዳ ስለሆነ፣ አሠራሩን በዝርዝር ማወቅ የሚጠቅም መስሎ ታይቶናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በካሊፎርንያ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድረው ማዘጋጃ ቤቱ ሳይሆን ዲስትሪክት የሚሉት የትምህርት ወረዳ ሲሆን፣ በሕዝብ የተመረጠ የራሱ ቦርድ አለው። ቦርዱ የሚታደሱትንና የሚሠሩትን ሕንፃዎች ዝርዝር፣ የሚያስፈልገውንም ገንዘብ መጠን ወስኖ ለምርጫ ያቀርባል። ሕዝቡ ከፈቀደ ወረዳው ቦንዱን በክፍል በክፍል እያደረገ ይሸጣል። ገዢዎቹ ባንኮች፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች፣ የጡረታ ድርጅቶችና ባለ ጥሪት ግለ ሰቦች ናቸው። ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ ለግንባታው ይውላል፤ ዕዳው ደግሞ በወረዳው ውስጥ በሚገኘው ቤትና መሬት ሁሉ ላይ እንደ ዋጋው መጠን በሚጣል ተጨማሪ ግብር በሃያና በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይከፈላል። እንግዲህ የብድሩ መያዣ የወረዳው ጠቅላላ ንብረት ነው ማለት ይቻላል። በዚህም ላይ አበዳሪው የሚያገኘው ወለድ እንደ ደንቡ ከፌዴራሉ መንግሥት የገቢ ግብር ነጻ ነው፤ የካሊፎርንያ ነዋሪ ከሆነም ከክፍለ ግዛቱ የገቢ ግብር ነጻ ይሆናል። ስለዚህ አበዳሪው ዝቅ ያለ ወለድ ቢሰጠውም በደስታ ይቀበላል። ነጋዴ ከባንክ ቢበደር በዚህ ወለድ አያገኝም።

የካሊፎርንያ ሰዎች ስለ ትምህርት ቤት ሕንፃ የሚጨነቁበት ምክንያት ከሌሎቹ ይልቅ የከበደ ነው፤ አገራቸው የመሬት መንቀጥቀጥ አገር ነውና። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1933፣ ዓርብ ከቀኑ 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ የሚገኘው የሎንግ ቢች ከተማና አካባቢው በብርቱ ተንቀጠቀጠ። ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ሰባ ያህል ትምህርት ቤቶች ፈረሱ፤ ሌሎችም ብዙዎች እጅግ ተጎዱ። ልጆቹ ግን ትምህርት ጨርሰው ወደየቤታቸው ከሄዱ ጥቂት ሰዓቶች አልፈው ነበር። መንቀጥቀጡ በረፋድ ደርሶ ቢሆን ኖሮ የሚሆነውን ለመገመት የፈረሰውን የመማሪያ ክፍል ማየት በቂ ነበር። በጡብ ብቻ ተደራርቦ፣ ብረት ሳይገባበት የተሠራው ግድግዳ በልጆቹ ወንበር ላይ ተከምሮ ተገኘ። ከአንድ ወር በኋላ፣ በኤፕሪል 1933፣ ሐሳቡን ባቀረበው የሕግ መምሪያ አባል ስም ፊልድ አክት የተባለው ሕግ ወጣ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሕዝብ ትምህርት ቤት ሕንፃ ፕላን በክፍለ ግዛቱ የአርክቴክት መሥሪያ ቤት ተመርምሮ ሳይፈቀድ አይሠራም፤ ሥራውም ሲካሄድ ተቈጣጣሪ ከቦታው አይለይም። ይህ ጥንቃቄ ሕንፃውን ያስወድደዋል፤ የሕንፃው መወደድ ደግሞ ብድሩን ያከብደዋል። ቢሆንም ከ1933 ወዲህ በዚህ ሕግ መሠረት የተሠሩት ትምህርት ቤቶች በብዙ መንቀጥቀጥ ውስጥ ሳይፈርሱ መቆየታቸው ገንዘቡ በከንቱ እንዳልወጣ ያሳያል።

ብድሩን ለመፍቀድ የሚያስፈልገው የድምፅ ብዛት ግን ብዙ ክርክር ያስነሣ ነገር ነው። ቀድሞ የሚጠየቀው ከሦስት እጅ ሁለት እጅ ነበር። በጁን 1978 ግን የቤት ግብር መክበድ ያስመረረው ሕዝብ ፕሮፖዚሽን 13 የተባለውን ውሳኔ አጸደቀ። በዚህ ውሳኔ መሠረት በአማካይ ከ2 ከመቶ ተኩል ይበልጥ የነበረው የንብረት ግብር ከተገመተው ዋጋ 1 ከመቶ እንዳያልፍ ተደረገ፤ ግምቱም ንብረቱ እስኪሸጥ ድረስ በዓመት ከ2 ከመቶ በላይ እንዳያድግ ተከለከለ። ባለ ንብረቱ እፎይ አለ። ትምህርት ቤቶቹ ግን የአዲስ ቦንድ በር ተዘጋባቸው፤ ከ1 ከመቶው በላይ ለአዲስ ዕዳ ግብር መጣል አይቻልምና። በሩ እንደገና የተከፈተው በ1986 ነው፤ እርሱም እንደ ቀድሞው በሦስት እጅ ሁለት እጅ ድምፅ ብቻ።

ሦስት እጅ ሁለት እጅ ማለት ከመቶ ሰው 66ቱ ፈቅደው 34ቱ ቢቃወሙ ጉዳዩ ወደቀ ማለት ነው። በሎስ አንጀለስ በኖቬምበር 1996 የ2.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር የወደቀው ከሚፈለገው በጥቂት ብቻ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ጉዳዩ በኤፕሪል 1997 እንደገና ቀርቦ ጸደቀ። በኖቬምበር 2000 ፕሮፖዚሽን 39 የተባለው ውሳኔ ልኩን ወደ 55 ከመቶ አወረደው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ፕሮፖዚሽን 39 ራሱ ያለፈው በ53 ከመቶ ያህል ድምፅ ነው፤ ራሱ ባወጣው ልክ ቢለካ ኖሮ አያልፍም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሎስ አንጀለስ የትምህርት ወረዳ ያደረገው ሥራ በዓይነቱ ከፍተኛ ነው። ወረዳው በተማሪ ብዛት በአሜሪካ ከኒው ዮርክ ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። ለሠላሳ ዓመት ያህል ግን አዲስ ትምህርት ቤት ያልተሠራለት ያህል ነበር፤ የሕዝቡ ቍጥር ግን እያደገ ሄዷል። ልጆቹ ስለማይበቃቸው በዙር እየተፈራረቁ ዓመቱን ሙሉ ይማሩ ነበር፤ አንዱ ቡድን ሲያርፍ ሌላው ይገባል። በአንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች የትምህርቱ ቀን ከ180 ወደ 163 ወርዶ ነበር። የቀነሰው ጊዜ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ እየተጨመረ ይካካሳል ቢባልም፣ አሥራ ሰባት ቀን የቀረበት ልጅ ከሌላው ጋር እኩል ተማረ ለማለት ያስቸግራል። ሌሎቹ ደግሞ በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ሩቅ ሰፈር ይወሰዱ ነበር። ሕዝቡ በ2002 3.35 ቢሊዮን፣ በ2004 3.87 ቢሊዮን፣ በ2005 3.985 ቢሊዮን፣ በ2008 ደግሞ 7 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ። በዚህ ገንዘብ ከ130 በላይ አዳዲስ ትምህርት ቤቶች ተሠሩ፤ የዙሩ ትምህርትም ቀስ በቀስ ቀረ። ቀጥሎም በ2020 7 ቢሊዮን፣ በ2024 9 ቢሊዮን ዶላር ተፈቀደ። ከ1997 ጀምሮ ያለው ሲደመር 36 ቢሊዮን 605 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። የኋለኞቹ ሁለቱ በአብዛኛው ለአሮጌዎቹ ሕንፃዎች ማደሻ ናቸው፤ ከወረዳው ሕንፃዎች ከግማሽ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት አልፏልና። የቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር መለወጥ፣ ጣሪያ ማደስ፣ ለመንቀጥቀጥ ማጠናከር፣ ማቀዝቀዣ ማስገባት፣ ይህን የመሰለው ሁሉ ነው።

ፕሮፖዚሽን 39 ድምፁን ሲያቀልል በምትኩ ጥብቅ ደንብ አስገብቷል። ገንዘቡ ለመምህራንና ለአስተዳደር ደመወዝ አይውልም። የሚሠራው ሥራ ዝርዝር አስቀድሞ ለሕዝቡ መነገር አለበት። በየዓመቱ ሒሳቡም ሥራውም በውጭ ሒሳብ መርማሪ ይመረመራል። ከሁሉ ይልቅ ለንግድ ማኅበረ ሰብ የሚያስደስተው፣ ገንዘቡን የሚከታተል ደመወዝ የሌለው የዜጎች ኮሚቴ እንዲቋቋም መታዘዙ ነው። ኮሚቴው ቢያንስ ሰባት አባሎች ይኖሩታል፤ ከእነዚህም ውስጥ አንዱ በአካባቢው የንግድ ማኅበር ውስጥ የሚሠራ፣ አንዱ የግብር ከፋዮች ማኅበር አባል፣ አንዱ የሽማግሌዎች ማኅበር አባል፣ ሁለቱ ደግሞ የተማሪ ወላጆች እንዲሆኑ ሕጉ ያዛል። የወረዳው ሠራተኛ፣ ዕቃ አቅራቢ ወይም ሥራ ተቋራጭ የሆነ ሰው ግን አይገባበትም። ለወረዳው ወንበር የሚሸጥ ነጋዴ የወንበሩን ሒሳብ እንዲቈጣጠር አልተፈለገም፤ ይህም ተገቢ ነው። በእኔ አስተያየት ከደንቦቹ ሁሉ የሚበልጠው ይኸኛው ነው። ዋጋ ማወቅ የነጋዴ ሙያ ነውና፣ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ የሚያውቅ ሰው በሒሳቡ አጠገብ መቀመጡ ብዙ ያተርፋል።

አሁን ወደ ባለ ሱቁ ኪስ እንምጣ። ደንቡ ለአንድ ምርጫ የሚጣለው ግብር በከተማው ዓይነት አንድ ወጥ ወረዳ ውስጥ፣ ንብረቱ ከተገመተበት በየ100,000 ዶላሩ በዓመት ከ60 ዶላር የማይበልጥ ሆኖ እንዲታቀድ ያዛል። በ2024 የተፈቀደው የሎስ አንጀለስ ብድር የታሰበው ግን በየ100,000 ዶላሩ 25 ዶላር ያህል ነው። ስለዚህ ግምቱ 800,000 ዶላር የሆነ ሱቅ ያለው ሰው ለዚህ ብድር ብቻ በዓመት 200 ዶላር ያህል ይከፍላል፤ የቀደሙት ብድሮች ድርሻ ከዚህ ሌላ ነው።

«እኔ ተከራይ ነኝ፤ አይመለከተኝም» የሚል ቢኖር ውሉን እንደገና ቢያነብ ይሻለዋል። በአሜሪካ ለሱቅ የሚደረገው የኪራይ ውል ብዙውን ጊዜ ትሪፕል ኔት የሚሉት ዓይነት ነው፤ ይኸውም ተከራዩ ከኪራዩ ሌላ የንብረቱን ግብር፣ ኢንሹራንሱንና ጥገናውን በድርሻው እንዲከፍል የሚያስገድድ ነው። በጸሐፊነት ሥራ ብዙ ውል ያገላበጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ ተዋዋዩ የኪራዩን ቍጥር አይቶ ይፈርማል እንጂ ከበታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አያነብም። በምርጫው ቀን የተወሰነው ብድር ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያ በደቃቁ ፊደል በኩል ወደ ምግብ ቤቱ መሳቢያ ይገባል። ሌላም አለ። ድምፅ የሚሰጠው የአሜሪካ ዜግነት ያለው ብቻ ነው። መኖሪያ ፈቃድ ይዞ የሚነግደው ወገናችን ግብሩን ይከፍላል እንጂ አይመርጥም። በሌላ በኩል ግን ልጆቹ የሚማሩት በዚያው ትምህርት ቤት ነው፤ ያለ ክፍያም ነው። ስለዚህ ተጎዳ ወይስ ተጠቀመ የሚለውን እያንዳንዱ በራሱ ሒሳብ ይመልስ።

ነገሩ ሁሉ ያማረ ነው ብለን የጻፍን እንዳይመስል፣ የተበላሸውንም እንናገር። በ1990ዎቹ የሎስ አንጀለስ ወረዳ ከከተማው እምብርት አጠገብ ቤልሞንት የተባለ ታላቅ ትምህርት ቤት ማሠራት ጀመረ። ቦታው የድሮ የነዳጅ ዘይት መስክ ነበር። ግንባታው ከተጋመሰ በኋላ ከመሬቱ ውስጥ የሚቃጠልና የሚመርዝ ጋዝ እንደሚወጣ ታወቀ፤ ሥራውም ቆመ። ቈይቶ ደግሞ ከሥሩ የመንቀጥቀጥ ስንጥቅ ተገኘ፤ ከሕንፃዎቹም አንዳንዶቹ ፈረሱ። በመጨረሻ ስሙ ተለውጦ በ2008 ሲከፈት፣ የወጣበት ገንዘብ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ነበር። አንድ ነጋዴ መጋዘን ሲገዛ መሬቱን ሳያስመረምር አይገዛም፤ የመንግሥት ገንዘብ ሲሆን ግን ይህ ይረሳል።

በ2013 ደግሞ ይኸው ወረዳ ለተማሪዎቹ ሁሉ አይፓድ ለማደል፣ ከኢንተርኔት መስመሩ ጋር 1.3 ቢሊዮን ዶላር ያህል የሚያወጣ ዕቅድ አወጣ፤ ገንዘቡም ከቦንዱ እንዲወጣ ተደረገ። ዕቅዱ ብዙ ወቀሳ ደርሶበት በ2014 ተቋረጠ። ከወቀሳዎቹ አንዱ ለነጋዴ በቀላሉ የሚገባ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ዓመት የሚያገለግል ዕቃ በሃያ አምስት ዓመት ብድር ይገዛልን? ዕቃው ተሰብሮ ከተጣለ በኋላ ዕዳው ሃያ ዓመት ይቀጥላል። ሕንፃ ግን ሌላ ነው። ሃምሳና ስድሳ ዓመት ይቆማል፤ ስለዚህ የኋለኛው ትውልድ ድርሻውን ቢከፍል ግፍ አይሆንበትም፤ በጥላው ሥር ተምሯልና። ብድር ለሕንፃ የሚያመቸው፣ ለአላቂ ዕቃ ግን የማያመቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን በሳን ዲየጎ አጠገብ በሚገኘው በፓውዌይ ወረዳ የሆነው ነው። ሕዝቡ በ2008 ፈቃዱን ሲሰጥ የግብሩ መጠን ከፍ እንደማይል ተነግሮት ነበር። ገንዘቡ ያስፈልጋል፤ ግብሩን ማሳደግ ግን አልተቻለም። ስለዚህ በ2011 ወረዳው 105 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲበደር፣ ለሃያ ዓመት ምንም እንዳይከፈል፣ ከዚያ በኋላ ግን እስከ 2051 ድረስ ሁሉም እንዲከፈል ተዋዋለ። በእነዚያ ሃያ ዓመታት ውስጥ ያልተከፈለው ወለድ በዋናው ላይ ይጨመራል፤ ወለድም ወለድን ይወልዳል። የሚከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ 980 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይሆናል። ይህም ከተወሰደው ዘጠኝ እጅ የሚበልጥ ነው። በአገራችን አራጣ አበዳሪ እንኳ ይህን ያህል ቢጠይቅ ሽማግሌ ይገባበት ነበር። ብድሩን ያጸደቁት የቦርድ አባሎች ዕዳው መከፈል ሲጀምር በሥልጣን ላይ አይኖሩም፤ ዕዳውን ከሚከፍሉት ብዙዎቹ ደግሞ ያን ጊዜ ገና ሕፃናት ነበሩ። ጉዳዩ በ2012 በጋዜጣ ሲገለጥ ብዙ ቍጣ አስነሣ፤ በ2013 የወጣውም ሕግ በቦንድ የሚከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ከተወሰደው ዋና ገንዘብ አራት እጅ እንዳይበልጥ፣ የዚህም ዓይነት ብድር ዘመን ከ25 ዓመት እንዳያልፍ ከለከለ። የፓውዌይ ዕዳ ግን ሕጉ ከመውጣቱ በፊት የተዋዋሉት ስለሆነ እንዳለ ቀረ።

ሌላው ጉድለት የወረዳዎቹ አለመተካከል ነው። የመሬቱ ዋጋ ከፍ ያለ ወረዳ በትንሽ ግብር ብዙ ገንዘብ ያገኛል፤ ቤቱ ርካሽ የሆነበት የገጠር ወረዳ ግን ያንኑ ግብር ጥሎ አንድ ጣሪያ እንኳ ለማደስ ይቸገራል። ክፍለ ግዛቱ ራሱ ቦንድ እየሸጠ በመሠረቱ ለአዲስ ሕንፃ ግማሹን፣ ለማደሻ 60 ከመቶውን ይረዳል። ነገር ግን እርዳታው የራሱን ድርሻ ላወጣ ወረዳ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ያለው ይጨመርለታል። በማርች 2020 ለዚህ የቀረበው የ15 ቢሊዮን ዶላር ብድር በሕዝብ ድምፅ ወድቋል። ቍጥሩ እንደ ዕድል ሆኖ 13 ስለ ነበረ የ1978ቱን ፕሮፖዚሽን የሚያፈርስ መስሏቸው የተቃወሙ አሉ ይባላል። በኖቬምበር 2024 ግን 10 ቢሊዮን ዶላር ጸድቋል፤ አቅም ለሌላቸው ወረዳዎችም ጥቂት ተጨማሪ እንዲሰጥ ተደንግጓል።

ከመሬት ግብር ትምህርት ቤት ማሠራት ለእኛም አገር አዲስ ሐሳብ እንዳልነበረ ማስታወስ ይገባል። በ1947 የወጣው የትምህርት ግብር ዐዋጅ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከመሬት ላይ ግብር እንዲሰበሰብ አዝዞ ነበር። ልዩነቱ ያ ግብር በየዓመቱ የገባውን ያህል የሚያሠራ ሲሆን፣ የካሊፎርንያው ግን ገና ያልገባውን የሠላሳ ዓመት ግብር ዛሬ አውጥቶ የሚሠራ መሆኑ ነው። ወላጆች የሚያዋጡት መዋጮም ቢሆን ዕዳ አያስከትልም፤ ነገር ግን ግድግዳው ዘንድሮ ቆሞ ጣሪያው ለከርሞ፣ በሩና መስኮቱ ለሚቀጥለው ዓመት እየተባለ ሕንፃው ሳያልቅ ልጁ ያድጋል።

በወረዳው ሥራ ለመወዳደር የሚፈልግ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ ጥቂት ነገር አለ። ግንባታው እንደ ደንቡ በግልጽ ጨረታ ይሰጣል፤ የሚያሸንፈውም ብቃት ካላቸው ተጫራቾች ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበው ነው። ተቋራጩ ሥራውን ለመፈጸሙና የሠራተኞቹንና የዕቃ አቅራቢዎቹን ሒሳብ ለመክፈሉ ዋስትና ያስይዛል። የሎስ አንጀለስ ወረዳ ከሥራው 25 ከመቶው ለትንንሽ ድርጅቶች እንዲደርስ ግብ አድርጎ ስለያዘ፣ ቀለም ቀቢውም መስኮት ገጣሚውም የመግባት ዕድል አለው። ገንዘቡ ግን ሥራው በተቈጣጣሪ ተመርምሮ ካልጸደቀ ቶሎ አይለቀቅም፤ ስለዚህ ጥቂት ወር የሚያቈይ የራሱ ጥሪት የሌለው ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

በዚያ አገር ሱቅ ወይም ቤት ያላቸው፣ ወይም በትሪፕል ኔት ውል የተከራዩ ወገኖች፣ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ በየዓመቱ የሚልከውን የንብረት ግብር ወረቀት አውጥተው ቢመለከቱ ጉዳዩን በዓይናቸው ያዩታል። በመጀመሪያ አጠቃላዩ የ1 ከመቶ ግብር ተጽፏል። ከእርሱ በታች በሕዝብ ድምፅ የተፈቀዱት ዕዳዎች በየስማቸው ተዘርዝረዋል፤ ከእነዚያም ውስጥ «የተዋሐዱ ትምህርት ቤቶች» የሚለው መስመር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ከኖቬምበር 1 ጀምሮ ይከፈላል፤ ከዲሴምበር 10 ካለፈ መቀጫ ይጨመርበታል። ሁለተኛው ግማሽ ከፌብሩዋሪ 1 ጀምሮ ሲሆን፣ የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 10 ነው።